በሊኑክስ ላይ ቪዲዮ ማየትና የፈቃድ ጥያቄ

በየካ ክፍለ ከተማ ሲግናል የሚባል ሰፈር አለ። ቃሉ የእንግሊዝኛ ሲሆን ከሩቅ የሚላክ ምልክት ማለት ነው። በዚህ ሰፈር የሚኖር አንድ ተማሪ በአሮጌ ኮምፒዩተሩ ላይ ሊኑክስን ጭኖ ትምህርት ወይም ፊልም ከኢንተርኔት ለማየት ቢነሣ፥ ምልክቱ በመስመሩ ደርሶ ሳለ ገጹ ጥቁር ሆኖ ሊቀርበት ይችላል። ሰው ሲጠየቅም «ሊኑክስ ቪዲዮ አይሆንለትም» ይላል። ነገሩ ከሥሩ ሲመረመር ግን የጐደለው ዕውቀት ሳይሆን ፈቃድ መሆኑ ይታያል፤ የዚህም ጽሑፍ ሐሳብ ይህንኑ ማስረዳት ነው።

ሊኑክስን በ1991 የጀመረው የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊነስ ቶርቫልድስ ነው (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። ለኢትዮጵያ ሕዝብ የኢንተርኔት አገልግሎት የተከፈተው ደግሞ በ1997 ሲሆን፥ መስመሩ የስልክ ስለ ነበረ ከባድ ሶፍትዌር ማውረድ አድካሚ ሥራ ነበር። ስለዚህ በ2004 የወጣው ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ዐይነት ሲዲውን ለጠየቀ ሁሉ በፖስታ በነፃ መላኩ እንደ እኛ ላለ አገር ትልቅ ነገር ነበር፤ ይህም ልማድ እስከ 2011 ቈይቷል። ነገር ግን ሲዲው ብዙውን ቪዲዮ የሚፈታውን ክፍል፥ ማለት ኮዴኩን፥ አልያዘም፤ ያንን ተማሪው ራሱ ማውረድ ነበረበት። መስመር ለጠበበው ሰው የተላከ ስጦታ ግማሹ በመስመሩ ማዶ መቅረቱ የሚያስገርም ነው።

ምክንያቱ ፓተንት ነው። በ2003 የወጣው ኤች.264 የተባለው የቪዲዮ ሥርዐት የብዙ ኩባንያዎች ፓተንት ያለበት ስለ ሆነ፥ ሶፍትዌር በነፃ የሚያድል ማኅበር ክፍያውን ሊችለው አይችልም። የመፍታቱ ጥበብስ ነበረ፤ ፋብሪስ ቤላር በ2000 የጀመረው ኤፍኤፍኤምፔግ ለዚህ ምስክር ነው። በብራውዘር በኩል ያለው ሥራ ለረጅም ጊዜ በአዶቤ ፍላሽ እጅ ነበር፤ አዶቤም በ2012 ለሊኑክሱ ፋየርፎክስ አዲስ ፍላሽ እንደማያወጣ አስታወቀ። ዩቲዩብ በ2015 መጀመሪያ ኤችቲኤምኤል5ን መደበኛው ሲያደርግ ያ ጥገኝነት ላላ፤ ፍላሽም በ2020 መጨረሻ አበቃ።

ይሁን እንጂ ቋጠሮው ተፈታ ሲባል ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ። ፊልም አከራዮቹ ሥራቸው እንዳይገለበጥ ቈልፈው መላክ ያዙ። ኔትፍሊክስ በሊኑክስ ላይ በክሮም መታየት የጀመረው በ2014 ነው፤ ቍልፉን የሚከፍተውም የጉግል የሆነው፥ ምንጩ ለሕዝብ ያልተገለጠው ዋይድቫይን ነው። የዓለም አቀፉ ድር ማኅበር ለዚህ መንገድ የሚሆነውን ሥርዐት በመስከረም 2017 ሲያጸድቅ፥ ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ተቃውሞ ከማኅበሩ ወጣ። በእኔ አስተያየት የታሪኩ ዋና መታጠፊያ ይህ ነው። ፓተንት በጊዜው ያልቃል፤ ቍልፍ ግን የባለቤቱን ፈቃድ ሁልጊዜ ይጠብቃል።

ዛሬ ሥራው ራሱ አጭር ነው። በፋየርፎክስ ቅንብር ውስጥ የተቈለፈ ይዘትን ለማጫወት የሚፈቅደው ሣጥን ምልክት ሲደረግበት፥ ብራውዘሩ ዋይድቫይንን በራሱ ያወርዳል። ከሊኑክስ ማከማቻ የሚገኘው ክሮሚየም ግን ብዙ ጊዜ ያለ እርሱ ነው የሚመጣ። ተራ ቪዲዮ እንቢ ካለ ደግሞ የኤፍኤፍኤምፔግ ክፍሎች መጫናቸውን ማየት ነው። ይህ ሁሉ ተደርጎም አንዳንድ ፊልም አከራዮች ለሊኑክስ የሚልኩት ስዕል ጥራቱ ዝቅ ያለ ነው፤ ቍልፉ የሚፈታው በሶፍትዌር ብቻ በመሆኑ አያምኑትምና።

ከፓተንት ክፍያ ለመላቀቅ የተደረገው ጥረትም አለ። ጉግል በ2010 ቪፒ8ን ያለ ክፍያ ለቀቀ፤ በ2018ም ኤቪ1 የተባለው በብዙ ኩባንያዎች ኅብረት ወጣ። ለአሮጌ ኮምፒዩተር ግን ይህ ነፃነት ሸክም አለው። በ2011 ገደማ የተሠሩ ብዙ መሣሪያዎች ኤች.264ን በስዕል ቺፓቸው ይፈታሉ፤ ኤቪ1ን ግን በዋናው ፕሮሰሰር ብቻ መፍታት ስላለባቸው ማራገቢያቸው ይጮኻል፥ ስዕሉም ይቈራረጣል። ስለዚህ የሲግናሉ ተማሪ ዩቲዩብ ኤች.264ን ብቻ እንዲልክለት የሚያስገድድ ተጨማሪ ፕሮግራም በብራውዘሩ ላይ ይጭናል፤ ነፃውን ትቶ ባለ ፓተንቱን መምረጡ ነው።