የጥናት ጉዞና የዘገየ ፍሬው

ፈረንሳዊው የቋንቋ ሊቅ ማርሴል ኮኸን ለጥናት ወደ ኢትዮጵያ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1910 በ26 ዓመቱ ነበር። የአንትዋን ሜዬ ደቀ መዝሙር የነበረው ይህ ወጣት እስከ 1911 በቆየበት ጊዜ አማርኛንና ሌሎች የአገሪቱን ቋንቋዎች ከተናጋሪዎቹ አንደበት እየሰማ መዘገበ። በ1912 የታተመው የጉዞው ሪፖርት የሥራው መጀመሪያ እንጂ መደምደሚያ አልነበረም። በፓሪስ ለረጅም ዓመታት አማርኛ አስተማረ፤ ሰፊው የአማርኛ ሰዋስው መጽሐፉም በ1936 ታተመ። ከተማሪዎቹ አንዱ የሆነው ቮልፍ ሌስላው ደግሞ የኢትዮጵያን ቋንቋዎች ጥናት የዕድሜ ልክ ሥራው አደረገ።

ከሪፖርቱ እስከ መጽሐፉ 24 ዓመታት አልፈዋል። ስለዚህ የጥናት ጉዞን ዋጋ በመመለሻው ማግሥት በሚቀርብ ሪፖርት ብቻ የሚመዝን ዕቅድ ዋናውን ፍሬ ሳያይ ይቀራል። ተጓዡ የሰበሰበውን ዕውቀት የሚያስተምርበት ቦታ ማዘጋጀትም የጉዞው ዕቅድ አካል ሊሆን ይገባል።