የመኪና ውስጥ ኳኳታና ሲጥሲጥታ፦ የቱ ይታለፋል? የቱስ አይታለፍም?

በጎንደር፣ በቀሐም ሆነ በሌሎች ሰፈሮች፣ በኮብልስቶን መንገድ ላይ የሚመላለስ ዕድሜ ጠገብ መኪና ውስጡ ዝም አይልም። ዳሽቦርዱ ሲጥ ሲጥ ይላል፤ በሩ ይንኳኳል፤ ከመቀመጫ ሥር ምንነቱ ያልታወቀ ነገር ይንቀጫቀጫል። የብዙ አሽከርካሪዎች የመጀመሪያ መላ የሬዲዮውን ድምፅ ከፍ ማድረግ ነው። ይህ መላ ግን ጉዳት የሌለውን ድምፅ ብቻ ሳይሆን፣ ደባርቅን አልፎ ወደ ሊማሊሞ ቁልቁለት ከመግባት በፊት መሰማት የሚገባውንም ይሸፍናል።

ድምፆቹ በሁለት ይከፈላሉ። ሲጥሲጥታ የሚፈጠረው ተጠጋግተው የተገጠሙ አካላት እየተያዙና እየተለቀቁ ሲፋተጉ ነው። ኳኳታ ደግሞ የላላ ነገር በአጠገቡ ካለው ጋር ሲጋጭ ይሰማል። የመጀመሪያው ማለስለሻ ወይም ጨርቅ፣ ሁለተኛው ማጥበቅ ይፈልጋል።

የደጋው አየርም ድርሻ አለው። ፕላስቲክ በሙቀት ሲሰፋና በብርድ ሲኮማተር ለውጡ ከብረት በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በምትገኘው ደባርቅ ያደረ መኪና በማለዳ ሲጮህ፣ ቀትር ላይ ጎንደር ሲደርስ ጸጥ ሊል ይችላል። ከብርድና ከፀሐይ ጋር የሚመጣና የሚሄድ ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ የፕላስቲክ ነውና ገንዘብ ይዞ ወደ ጋራዥ አያስሮጥም። በክረምት ደግሞ በበሩ ግርጌ ያሉት የውኃ መውጫ ቀዳዳዎች በጭቃ ሲደፈኑ ውኃ በበሩ ውስጥ ይጠራቀማል፤ መኪናው በታጠፈ ቁጥር እንስራ ውስጥ እንዳለ ውኃ ይንቦጫቦጫል። ቀዳዳዎቹን በቀጭን እንጨት መክፈት ይበቃል። ካልተከፈቱ ላሜራው ከውስጥ ይዝጋል።

ፍለጋው የሚጀመረው መኪናውን ባዶ በማድረግ ነው። ሳንቲም፣ የውኃ ጠርሙስ፣ ክሪክ፣ የጎማ መፍቻ ሁሉ ይውጣ። ዳሽቦርዱ ተጠርጥሮ፣ ጥፋተኛው ከኋላ ሳይታሰር የተጣለ ክሪክ ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው። ከዚያም አንድ ሰው ቀስ ብሎ ሲነዳ፣ ሌላው ከጎኑ ተቀምጦ ዳሽቦርዱን፣ የበሩን ሽፋንና ጣሪያውን በየተራ በእጁ ይጫናል። ሲጫኑት ድምፁ ከቆመ ቦታው ተገኘ ማለት ነው። የሚነዳው ሰው ራሱ ይህን መሞከር የለበትም።

የላላ ብሎን በካቻቢቴ ይጠብቃል፤ ከመጠን ያለፈ ጉልበት ግን ፕላስቲኩን ይሰነጥቃል። የተሰበረ የሽፋን መያዣ በአዲስ ይተካል። በሚፋተጉት ሽፋኖች መካከል ስስ የሱፍ ጨርቅ ማጣበቅ ጥሩ ነው። ካርቶን አጥፎ መወሸቅ እጅግ የተለመደ ቢሆንም መፍትሔነቱ አጭር ነው፤ እርጥበት ይስባል፣ ተንሸራቶም ከዳሽቦርዱ ጀርባ ከሽቦዎች መካከል ይወድቃል። ለበር ጎማ ሲሊኮን ይቀባል። የሞተር ዘይት፣ ግሪስ ወይም ናፍጣ ጎማውን ያሳብጠዋል፣ አቧራም ያከማችበታል። ሲሊኮኑም ቢሆን ፔዳልና መሪ እንዳይነካ መጠንቀቅ ያሻል። ኤርባግ ባለው መኪና መሪውንና ቢጫ የሽቦ ማያያዣ የሚታይበትን ቦታ ሁሉ ለባለሙያ መተው ይገባል።

በቅጥቅጥ አውቶቡሶች ነገሩ ይለያል። አካላቸው በጭነት መኪና ሻንሲ ላይ በአገር ውስጥ በላሜራ የሚሠራ በመሆኑ መንኳኳታቸው ማንንም አያስደንቅም፤ የመስኮቱን መስታወት ጎማ መቀየር ብቻ ብዙውን ጩኸት ያበርዳል። ተሳፋሪው ሊያልፈው የማይገባው ግን የመቀመጫው እግር ከወለሉ ላይ መነቃነቁን ነው። በግጭት ጊዜ መቀመጫ ከተነቀለ ተሳፋሪው የሚይዘው ነገር አይኖርም። ወደ ገበያ የሚሄድ አርሶ አደርም ቢሆን ይህን ለረዳቱ ወይም ለሾፌሩ ከመናገር ወደኋላ ማለት የለበትም። የሾፌር መቀመጫም ፍሬን ሲያዝ ወደፊት የሚንሸራተት ከሆነ ጉዳዩ የድምፅ መሆኑ አብቅቷል።

ከውስጥ የሚመጣ የሚመስል፣ መነሻው ግን ከሥር የሆነ ድምፅም አለ። የላላ የማርሚታ ላሜራ፣ ያረጀ የባሌስትራ ጎማ፣ የተበላ ቴስቲና ወለሉን አሳልፈው ይሰማሉ። መለያው ቀላል ነው፦ ፍሬን ሲያዝ ወይም መሪ ሲዞር የሚለወጥ ድምፅ የዳሽቦርድ አይደለም። በጣሊያን ወረራ ዘመን በተቀደደው የሊማሊሞ ጥምዝምዝ መንገድ ፍሬንና መሪ ያለ ዕረፍት ስለሚሠሩ፣ እንዲህ ያለ ድምፅ የሰማ አሽከርካሪ መኪናውን ማስመርመር ያለበት ደባርቅ ላይ፣ ቁልቁለቱ ሳይጀመር ነው።