ሞተሩን ማን ያዘው?

የመኪና ፍቅር ያለባቸው ጓደኞቼ ሲሰበሰቡ ወሬያቸው አንድ ነው፤ የፈረስ ጉልበት። ይሄኛው ስንት አለው፣ ያኛው በስንት ሴኮንድ ይፈተለካል... እኔ ግን ዛሬ የማወጋችሁ ማንም ፎቶ አንስቶ ስለማይለጥፋት ቁራጭ ጎማ ነው። በሁለት ብረት መሀል ተጣብቃ፣ ኮፈን ስር ተደብቃ፣ ሞተሩን ከሻንሲው ጋር ስለምታገናኘዋ የሞተር ማረፊያ። ይህቺ ጎማ በ1971 ግዙፉን ጄኔራል ሞተርስን አንበርክካዋለች። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከመነሻው እንጀምር። በድሮዎቹ ብዙ መኪኖች ሞተር በብሎን ቀጥታ ሻንሲው ላይ ይታሰር ነበር። ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ መሪውም፣ ወንበሩም፣ የተሳፋሪው ጥርስም አብሮ ይንቀጠቀጣል። በ1931 ክራይስለር ፕሊማውዝ በተባለው መኪናው ላይ ሞተሩን በጎማ ላይ አሳረፈና «ተንሳፋፊ ኃይል» የሚል ስም ሰጠው። የፈረንሳዩ ሲትሮይንም ብዙ ሳይቆይ ፈቃዱን ገዝቶ በራሱ መኪኖች ላይ አዋለው። ከዚያ ወዲህ ጎማው የምቾት ጉዳይ ሆነ፤ ሰውም ረሳው።

እናላችሁ፣ 1960ዎቹ መጡ። በ1964 ፖንቲያክ ጂቲኦ የሚባለውን ሲያወጣ፣ ትልቅ ሞተር መካከለኛ መኪና ውስጥ መጠቅጠቅ ፋሽን ሆነ። ሼቭሮሌ በ1966 መስከረም ላይ ካማሮን ለገበያ አቀረበ፤ በኋላም 375 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ተገጠመለት። ኃይሉ በየዓመቱ ሲያድግ፣ ያንን ሁሉ ኃይል የሚይዘው ግን አሁንም ከብረት ጋር የተጣበቀ ጎማ ነበር። ጎማው ከተላቀቀ ብረቱን ከብረት ጋር የሚያያይዝ ሌላ ነገር የለም።

አሁን ልብ በሉልኝ። ሹፌሩ ነዳጅ ሲሰጥ ሞተሩ ጎማዎቹን ብቻ አይደለም የሚያዞረው፤ ራሱም በተቃራኒው አቅጣጫ ለመገልበጥ ይታገላል። በእነዚህ የአሜሪካ መኪኖች ላይ በሹፌሩ በኩል ያለው ማረፊያ ወደ ላይ ይሳባል። ዘይትና ሙቀት ያደከመው ጎማ አንድ ቀን ይላቀቃል፤ ሞተሩም ከቦታው ብድግ ይላል። ሲነሳ ከነዳጅ መስጫው ጋር የተያያዘውን ዘንግ ይጎትተዋል። ዘንጉ ሲጎተት ነዳጅ ይጨምራል፤ ነዳጅ ሲጨምር ሞተሩ ይበልጥ ይነሳል። ሹፌሩ እግሩን ቢያነሳም መኪናው ይጋልባል። አንዳንዴም ፍሬኑን የሚያግዘው የቫኪዩም ቱቦ ተነቅሎ ይወጣል፤ ያኔ ፍሬኑ ድንጋይ ይሆናል። በአንድ ቁራጭ ጎማ ምክንያት ፍጥነቱም ፍሬኑም በአንድ ጊዜ ከድተውት ሹፌሩ ብቻውን ይቀራል ማለት ነው።

አቤቱታው እየበዛ ሲሄድ፣ የዲትሮይት ጋዜጠኞችም ራልፍ ናደርም ጉዳዩን አልለቅ አሉ። የጄኔራል ሞተርስ ፕሬዚዳንት ኤድዋርድ ኮል ግን ነገሩን ከጎማ መተንፈስ ወይም መፈንዳት ጋር አመሳስለው አቀለሉት፤ ደህና ሹፌር ሊቆጣጠረው ይችላል ባይ ነበሩ። የሚገርመው እኚሁ ሰው በ1955 የወጣውን የሼቭሮሌ ስመ ጥር ቪ8 ሞተር ሥራ የመሩ ትልቅ መሐንዲስ ናቸው። ሞተሩን ያወቀ ሰው ሞተሩን የሚይዘውን ናቀው!

በመጨረሻ፣ በታኅሣሥ 1971፣ ኩባንያው 6.7 ሚሊዮን ገደማ ሼቭሮሌዎችን ለጥገና ጠራ። በዚያን ጊዜ ከዚያ የሚበልጥ ጥሪ ታይቶ አይታወቅም። መፍትሔውስ? ማረፊያውን በአዲስ መለወጥ አልነበረም። ሞተሩ ቢላቀቅ ብዙ እንዳይነሳ የሚያስረው የብረት ገመድ ነበር። በሬው ገመዱን ሊበጥስ ሲል ሌላ ገመድ መጨመር በሉት።

በ1966 የወጣው የአሜሪካ የመኪና ደህንነት ሕግ አምራቹ ጉድለቱን ለባለቤቶች እንዲያሳውቅ ያስገድድ ነበር እንጂ በነፃ እንዲጠግን አያስገድድም ነበር። ያ ግዴታ የመጣው ሕጉ በ1974 ሲሻሻል ነው። ማረፊያዎቹም ተለወጡ፤ ጎማው ቢቀደድ እንኳ ብረቱ ብረቱን ቆልፎ የሚይዝበት ዓይነት መጣ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ዛሬ እነዚያ ካማሮዎች ውድ ቅርስ ሆነዋል፤ የሚያድሷቸው ሰዎች ግን ያቺን ጎማ አሁንም ይንቋታል። አንዱ «ኦሪጅናል ካልሆነ» ብሎ መቆለፊያ የሌለውን የድሮ ዓይነት ፈልጎ ይገጥማል። ሌላው ካገኘው ሁሉ ይቀላቅላል። ሼቭሮሌ በነዚያ ዓመታት የተለያየ ቁመትና ስፋት ያላቸውን ማረፊያዎች ስለተጠቀመ፣ ሞተሩ ላይ ያለው ሻንሲው ላይ ካለው ጋር ካልተጣጣመ ሞተሩ ይንጋደዳል ወይም ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ማራገቢያው ሽፋኑን ይነካል፤ ኮፈኑ አልገጥም ይላል። ያኔ ባለቤቱ ኮፈኑን ያስቀጠቅጣል እንጂ ማረፊያውን አያይም።

ሥራው ደግሞ ተአምር አይደለም። ከሞተሩ ስር እንጨት አድርጎ በክሪክ ቀስ ብሎ ማንሳት፣ ብሎኖቹን መፍታት፣ ግራና ቀኙን በአንድነት መለወጥ፣ የሚቆለፈውን ዓይነት ከትክክለኛው ጥንዱ ጋር መግጠም ነው። ካማሮን ለማደስ ከሚወጣው ገንዘብ አንፃር ዋጋው ኢምንት ነው።

እኔን የገረመኝ ግን የጎማው ነገር አይደለም፤ ሁሌም የሚቀናን መልስ ነው። መኪና ሲገለበጥ መጀመሪያ የምንለው «ሹፌሩ ነው» ነው። የ1971 ሰዎችም ይህንኑ ብለው ነበር። በኋላ ኮፈኑ ሲከፈት ግን፣ ሹፌሩ እግሩን አንስቶ እንደነበር ብዙ ሰው ገባው።

ስለዚህ የሚያምር አሮጌ መኪና ያያችሁ ቀን፣ ስንት ፈረስ እንዳለው ከመጠየቃችሁ በፊት ፈረሶቹን ማን እንደያዛቸው ጠይቁልኝ።

ቸር እንሰንብት!