ስሙን ሳናውቅ የፈራነው ሰውዬ

ቪዲዮ ቤት ውስጥ የህንድ ፊልም እያየ ያደገ ሁሉ ይህን ሰውዬ ያውቀዋል። ስሙን ላያውቅ ይችላል። መላጣ፣ ዓይኑን አፍጥጦ የሚያይ፣ ድምፁ ከመሬት በታች የሚመጣ የሚመስል። እኛ ልጆች ሆነን «አክተሩ» የምንለው ዘፍኖ፣ ተደባድቦ፣ መጨረሻ ላይ ልጅቷን የሚያገባውን ነበር። ይሄኛው «ወንበዴው» ነው፣ በቃ። ፊልሙን ተሸክሞት የሚሄደው እሱ መሆኑ የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው።

አምሪሽ ፑሪ ይባላል። በ1932 ፑንጃብ ውስጥ ተወለደ (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። ታላላቅ ወንድሞቹ ቻማንና ማዳን ፑሪ ቀድመውት ቦምቤይ ፊልም ውስጥ ገብተው ነበር። እሱም በ22 ዓመቱ ለመሪ ተዋናይነት ተፈተነና ወደቀ። መልክህ ለዚህ አይሆንም ተባለ።

ከዚያስ? የሠራተኞች መድን መሥሪያ ቤት ተቀጠረ። ሃያ ዓመት ያህል! ባለቤቱንም ያገኛት እዚያው ቢሮ ነው። ኋላ ቴአትር ሲጀምርም ደመወዙን አልለቀቀም፤ ቀን ፋይል፣ ማታ መድረክ። ከሳትያዴቭ ዱቤይ ጋር የሠራቸው ቴአትሮች ስም አወጡለት፤ በ1979 የህንድ መንግሥት የኪነ ጥበብ አካዳሚ ለመድረክ ትወናው ሸልሞታል። ፊልም ላይ በደንብ መታየት የጀመረው ግን አርባ ዓመት አካባቢ ሲሆነው ነው። ይህን ሰው ያስታወሰኝ አንድ የድሮ ተማሪዬ ነው፤ «ቲቸር፣ ሰላሳ ሞላኝ እኮ፣ አለፈኝ» ብሎ ጽፎልኝ ነበር። ማን እንደሆንክ ታውቃለህ፣ እስከ መጨረሻው አንብብ።

ከፊልሞቹ እኔ የምወደው በ1976 የወጣውን «ማንታን» ነው፣ የሽያም ቤኔጋል ሥራ። ስለ ወተት አምራች ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ነው የሚያወራው። ወጪውን የሸፈኑት የጉጃራት ገበሬዎች ራሳቸው ናቸው፤ 500,000 ገበሬ እያንዳንዱ 2 ሩፒ አዋጣ። ፑሪ የሚጫወተው ወተታቸውን በርካሽ የሚገዛቸውን ነጋዴ ነው። አስቡት፣ ገበሬው ከኪሱ አውጥቶ በዝባዡን ስክሪን ላይ አየው! ፑሪም አልጮኸ፣ አላፈጠጠ። ለስለስ ብሎ፣ እንደ አሳቢ ሆኖ ነው የሚናገረው። እንዲህ ዓይነቱን ነጋዴ እኛም አገር እናውቀዋለን መቼም።

በ1984 ስፒልበርግ ለ«ኢንዲያና ጆንስ» ወሰደው። ለዚያ ፊልም የተላጨው ራሱ ነው በዚያው መለያው ሆኖ የቀረው። (ኮፍያ መሰብሰብም ይወድ ነበር።) ፊልሙ ግን የህንድን ሃይማኖት ያዋርዳል ተብሎ ብዙ ተወቅሷል፤ የህንድ መንግሥት ፈቃድ ላይ ስላስቸገረም ቀረጻው ስሪላንካ ሆነ። ፑሪ በሕይወት ታሪኩ ላይ ለፊልሙ ተከራክሯል፣ ተረት ነው፣ አታክብዱት በሚል። እዚህ ላይ አልስማማም። ለህንድ ሰው ተረት ሊሆን ይችላል፤ ህንድን በዚያ ፊልም ብቻ ለሚያውቅ የአሜሪካ ልጅ ግን ተረት አይደለም።

በ1987 በ«ሚስተር ኢንዲያ» ሞጋምቦ ሆኖ መጣ፤ ይሄን አልተርክላችሁም፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

ደግሜ ደጋግሜ የማየው የ1995ቱን «ዲልዋሌ ዱልሃኒያ ሌ ጃዬንጌ»ን ነው። ለንደን ውስጥ ሱቅ ያለው የፑንጃብ አባት ነው። ሲጀምር አደባባይ ላይ ቆሞ ለርግብ ጥሬ ይበትናል፣ ልቡ ግን አገሩ ነው። ልጁን ሳያማክር ለጓደኛው ልጅ ቃል ሰጥቷል። ዋሽንግተንም ሆነ ለንደን ያላችሁ ወዳጆቼ ይህን አባት ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ፤ ምናልባትም ራሳችሁ ናችሁ። ወንበዴ አይደለም፣ ግን ያስፈራል። መጨረሻ ላይ ባቡሩ ሲንቀሳቀስ የልጁን እጅ ግጥም አድርጎ ይዟል፤ እሷ ትለምነዋለች። ፊቱን እዩት። ያ «ለመሪ ተዋናይ አይሆንም» የተባለ ፊት ምንም ሳይናገር ቀስ እያለ ይፈታል፣ ከዚያ ይለቃታል።

ጥር 2005 ሙምባይ ውስጥ አረፈ፣ በ72 ዓመቱ። እናንተ መጀመሪያ ያያችሁት በየትኛው ፊልም ነው? እስኪ ጻፉልኝ።