ለካንሰር ታስቦ ለሪህ የደረሰ መድኃኒት

የእግር አውራ ጣት ሌሊት በድንገት ያብጣል፣ ይቀላል፣ አንሶላ ሲነካው እንኳ ያስጮኻል። እንዲህ ሲሆን ብዙ ጊዜ ሰበቡ ሪህ ነው። መነሻው ደግሞ ዩሪክ አሲድ፦ ሰውነታችን ፑሪን የሚባሉ ውህዶችን ሲሰባብር የሚተርፍ ቆሻሻ። ኩላሊት ያስወጣዋል፤ በደም ውስጥ ከበዛ ግን እንደ መርፌ የሾለ ክሪስታል ሆኖ መገጣጠሚያ ውስጥ ይቀመጣል።

እስቲ ነገሩን በበርሜል እንየው። ቧንቧው ክፍት ነው፣ በርሜሉ ሞልቶ ወለሉ ላይ ይፈሳል። ለብዙ ዘመን የተሠራው ሥራ ወለሉን መወልወል ነበር። ከዕፅዋት የሚገኘው ኮልቺሲን ሕመሙን ያስታግሳል፤ ዩሪክ አሲዱን ግን አይቀንስም። በ1950ዎቹ መጀመሪያ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፕሮቤኔሲድ መጣ። ይኼኛው ኩላሊት የበለጠ እንዲያስወጣ በማድረግ የበርሜሉን መውጫ ያሰፋል፤ ኩላሊቱ ለተጎዳ ሰው ግን እምብዛም አይረዳም። ቧንቧውን የሚዘጋ መድኃኒት አልነበረም።

የዘጉት ሰዎች ሪህን እያሰቡ አልነበረም። ገርትሩድ ኤሊየን በ1918 ኒውዮርክ ተወለደች። የ15 ዓመት ልጅ ሳለች አያቷን ካንሰር ገደለባት፤ ኬሚስትሪን የመረጠችው ያኔ ነው። ሴት በመሆኗ የላቦራቶሪ ሥራ ማግኘት ከብዷት በአንድ ወቅት በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ኪያር አሲድነት ስትመረምር ነበር። በ1944 ከጆርጅ ሂቺንግስ ጋር በቡሮውስ ዌልካም ኩባንያ መሥራት ጀመረች።

ሁለቱ ለደም ካንሰር መርካፕቶፑሪን የተባለ መድኃኒት ሠሩ። ችግሩ ዛንቲን ኦክሲዴዝ የሚባል ኢንዛይም መድኃኒቱን ቶሎ ያፈርሰዋል። ታዲያ ኢንዛይሙን ብንገታውስ? አሎፑሪኖልን ያመጡት ለዚህ ነው። ሞለኪዩሉ ኢንዛይሙ ሁልጊዜ ከሚቀበለው ከሃይፖዛንቲን ጋር በጣም ይመሳሰላል፤ የሚለየው የአንድ ካርቦንና የአንድ ናይትሮጂን ቦታ በመቀያየሩ ብቻ ነው። ኢንዛይሙ ይሳሳትና ይቀበለዋል፤ ከዚያ ተቆልፎ ይቀራል።

የካንሰሩ ተስፋ ብዙም አልሠመረም፤ የመርካፕቶፑሪን ኃይል ሲጨምር ጉዳቱም አብሮ ጨመረ። ነገር ግን በዱክ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሙ ዌይን ሩንድልስ ለሕሙማን ሲሰጠው የዩሪክ አሲዳቸው መጠን ወረደ። ለምን መሰላችሁ? ዩሪክ አሲድን የሚሠራውም ያው ኢንዛይም ስለሆነ ነው! ውጤቱ በ1963 ታተመ፤ በ1966 አሜሪካ መድኃኒቱን ለሪህ ፈቀደች። ዶክትሬቷን ሳትጨርስ የቀረችው ኤሊየን በ1988 ከሂቺንግስና ከጄምስ ብላክ ጋር የኖቤል ሽልማትን ተጋራች።

አሎፑሪኖል ዛሬም በሰፊው ይታዘዛል። ሐኪሞች ብዙ ጊዜ በቀን በ100 ሚሊግራም ወይም ከዚያ ባነሰ ጀምረው፣ የደም ዩሪክ አሲድ በዴሲሊትር ከ6 ሚሊግራም በታች እስኪወርድ ቀስ በቀስ ይጨምራሉ። በመጀመሪያዎቹ ወራት የቆየው ክሪስታል መሟሟት ሲጀምር ሕመሙ ሊቀሰቀስ ይችላል፤ ስለዚህ ትንሽ ኮልቺሲን አብሮ ይሰጣል። አልፎ አልፎ አደገኛ የቆዳ አለርጂ ስለሚያስከትል ሽፍታ የታየበት ሰው ክኒኑን አቁሞ ወዲያውኑ ወደ ሐኪም መሄድ አለበት።

ብዙ ሰው ግን «ተሽሎኛል» ብሎ በራሱ ያቆመዋል። አሎፑሪኖል ማስታገሻ አይደለም፤ ቧንቧውን የሚዘጋው እስከተወሰደ ድረስ ብቻ ነው። ሲቆም ኢንዛይሙ ሥራውን ይቀጥላል፣ በርሜሉም ዳግም መሙላት ይጀምራል። ቤታችሁ ይህን ክኒን የሚወስድ አባት ወይም አያት ካለ፣ እግሩ ሳያመው ለምን እንደሚውጠው አሁን ልትነግሩት ትችላላችሁ።