የጋዝ ቤት ማሞቂያ ማራገቢያ በተደጋጋሚ እየተነሣ ሲቆም፦ መንስኤዎቹና መወሰድ የሚገባቸው እርምጃዎች

በዩናይትድ ስቴትስና በካናዳ ቀዝቃዛ አካባቢዎች የሚገኙ በርካታ መኖሪያ ቤቶች የሚሞቁት በተለምዶ «ፈርነስ» በሚባለው በተፈጥሮ ጋዝ በሚሠራ ማሞቂያ ነው። መሣሪያው ብዙውን ጊዜ በምድር ቤት ወይም በአነስተኛ ጓዳ ውስጥ የሚቀመጥ ሲሆን፣ ያሞቀውን አየር በማራገቢያ ኃይል በቱቦዎች አማካኝነት ወደ ክፍሎች ይልካል። በብርድ ወራት ነዋሪዎችን ከሚያስቸግሩ ብልሽቶች አንዱ ይህ ማራገቢያ በጥቂት ደቂቃዎች ልዩነት እየተነሣ መልሶ መቆሙና ቤቱ በሚገባ አለመሞቁ ነው። አብዛኛውን ጊዜ መንስኤው ቀላልና በነዋሪው አቅም የሚስተካከል ነው። ሆኖም የማሞቂያው መቆም የአደጋ መከላከያው ሥራውን እየሠራ መሆኑን ሊያመለክት ስለሚችል፣ ምክንያቱን ሳያጣሩ ደጋግሞ ማስነሣት አይገባም።

በቅድሚያ መታወቅ ያለበት

የተበላሸ እንቁላል የሚመስል ሽታ ካለ ጋዝ እያፈተለከ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ መብራት ማብራትም ሆነ ማጥፋት፣ ክብሪት መጫር፣ በቤት ውስጥ ስልክ መደወል አይፈቀድም። የቤተሰቡ አባላት በሙሉ ወዲያውኑ ወጥተው ከቤቱ ከራቁ በኋላ ወደ 911 ወይም ወደ ጋዝ አቅራቢው ድርጅት የአደጋ ጊዜ መስመር ሊደወል ይገባል። የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ መሣሪያ ከጮኸ፣ ወይም በቤት ውስጥ ያሉ ሰዎች በአንድነት ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ከተሰማቸው የሚወሰደው እርምጃ ተመሳሳይ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። በዩናይትድ ስቴትስ ከእሳት ቃጠሎ ጋር ባልተያያዘ የዚህ ጋዝ መመረዝ በየዓመቱ ከ400 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን ያጣሉ። የእንግሊዝኛ ቋንቋ ችሎታ ውስን ለሆነ ደዋይ «አምሃሪክ» የሚለውን ቃል መናገር ብቻ አስተርጓሚ ለማግኘት ሊረዳ ይችላል።

ማሞቂያው በጤናማ ሁኔታ ሲሠራ

ቴርሞስታቱ ሙቀት ሲጠይቅ አስቀድሞ የሚነሣው የተቃጠለውን ጋዝ ወደ ውጭ የሚያስወጣው አነስተኛ ማራገቢያ ነው። የእርሱ ሥራ በግፊት መቆጣጠሪያ ከተረጋገጠ በኋላ መለኮሻው ይግላል፣ ጋዙ ይከፈታል፣ እሳቱም ይያያዛል። የነበልባል ሴንሰሩ እሳት መኖሩን ካላረጋገጠ ጋዙ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ይዘጋል። ሞቃቱን አየር ወደ ክፍሎች የሚገፋው ትልቁ ማራገቢያ የሚነሣው ግን እሳቱ ከተያያዘ ከ30 እስከ 60 ሰከንድ ያህል ቆይቶ ነው። እሳቱ ከጠፋ በኋላም የቀረውን ሙቀት ለማስወጣት ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ያህል መሥራቱን ይቀጥላል። ስለዚህ ማራገቢያው ከእሳቱ ዘግይቶ መነሣቱና ዘግይቶ መቆሙ ብልሽት አይደለም።

በመካከለኛ ብርድ ማሞቂያው በሰዓት ከ3 እስከ 5 ጊዜ ተነሥቶ በእያንዳንዱ ጊዜ 10 ደቂቃ ያህል ቢሠራ የተለመደ ነው። በጽኑ ብርድ ደግሞ ለረጅም ሰዓት ሳይቋረጥ ሊሠራ ይችላል። ሊያሳስብ የሚገባው በሁለት ወይም በሦስት ደቂቃ ውስጥ የሚቆም፣ ጥቂት አርፎም ያንኑ የሚደጋግም ማሞቂያ ነው። በአሮጌ መሣሪያዎች ላይ ማራገቢያው በጊዜ ሳይሆን በሙቀት መጠን ስለሚታዘዝ፣ እሳቱ ከጠፋ በኋላ በብረቱ ውስጥ የቀረው ሙቀት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ለአጭር ጊዜ ሊያስነሣው ይችላል። ይህ ብቻ ከሆነ የሚያሰጋ ነገር የለም፤ ባለሙያ መቆጣጠሪያውን ሊያስተካክለው ይችላል።

የአየር ማጣሪያው

ማሞቂያው ቶሎ ቶሎ ሲቆም ከሁሉ በፊት ሊታይ የሚገባው የአየር ማጣሪያው፣ ማለትም ፊልተሩ ነው። ማጣሪያው በአቧራ ሲደፈን ወደ መሣሪያው የሚገባው አየር ያንሳል፤ አየር ያነሰው የሙቀት ማስተላለፊያ ብረትም ከመጠን በላይ ይግላል። በዚህ ጊዜ የሙቀት ገደብ መቆጣጠሪያው እሳቱን ያጠፋዋል፣ ማራገቢያው ግን ብረቱን ለማቀዝቀዝ መሥራቱን ይቀጥላል። ብረቱ ሲቀዘቅዝ እሳቱ እንደገና ይያያዛል፣ እንደገና ይግላል፣ እንደገናም ይጠፋል። በክፍሎች ውስጥ የሚታወቀው ምልክት ከአየር መውጫው በመጀመሪያ በጣም ሞቃት፣ ቀጥሎም ለብ ያለ ወይም ቀዝቃዛ አየር እየተፈራረቀ መምጣቱ ነው። ሁኔታው ለወራት ከቀጠለ የሙቀት ማስተላለፊያው ብረት ሊሰነጠቅና ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ቤቱ አየር ሊገባ ይችላል። የጥቂት ዶላር ማጣሪያን ቸል ማለት መላውን መሣሪያ ለመቀየር ሊያስገድድ የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ማጣሪያውን ለመመልከት ማሞቂያውን በቴርሞስታቱና በአጠገቡ ባለው የኤሌክትሪክ ማጥፊያ ማጥፋት ያስፈልጋል። ማጣሪያው አብዛኛውን ጊዜ ወደ መሣሪያው በሚገባው ሰፊ ቱቦ መግቢያ ላይ፣ አንዳንዴም በግድግዳ ወይም በጣሪያ ላይ ካለው የአየር መመለሻ ወንፊት ጀርባ ይገኛል። ወደ መብራት አንሥተው ሲያዩት ብርሃን የማያሳልፍ ከሆነ ሊቀየር ይገባል። አዲሱ ማጣሪያ በጠርዙ ላይ ከተጻፈው ልክ ጋር አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ በላዩ ላይ የታተመው ቀስትም ወደ ማሞቂያው አቅጣጫ መዞር ይኖርበታል። 1 ኢንች ውፍረት ያለው ማጣሪያ በየወሩ ታይቶ ቢበዛ በ3 ወር መቀየር ይገባዋል። ቡና በሚቆላበትና ዕጣን በሚጨስበት ቤት ደግሞ ከዚህም ቀድሞ ሊጠቁር ይችላል። እጅግ ጥቅጥቅ ያለና ውድ ማጣሪያ ሁልጊዜ የተሻለ ነው ማለት እንዳልሆነም መታወቅ አለበት፤ ለመሣሪያው አቅም ከከበደ አዲስ ሳለ እንኳን አየሩን ሊያፍን ይችላል።

ከማጣሪያው ቀጥሎ የአየር መውጫዎችና መመለሻዎች መታየት አለባቸው። በምንጣፍ፣ በሶፋ ወይም በመጋረጃ የተሸፈነ የአየር መመለሻ የተደፈነ ማጣሪያን ያህል ጉዳት ያደርሳል። ጋዝ ለመቆጠብ በማሰብ ሰው የማያድርባቸውን ክፍሎች መውጫ መዝጋትም የተለመደ ነው። ነገር ግን ብዙዎቹ ሲዘጉ ማሞቂያው ይታፈናል።

ሌሎች መንስኤዎች

የቴርሞስታቱ የማራገቢያ ምርጫ «ኦን» ላይ ከሆነ ማራገቢያው እሳት ቢኖርም ባይኖርም ያለማቋረጥ ይሠራል፤ ወደ «አውቶ» መመለስ ይበቃል። ባትሪው የደከመ፣ ወይም ፀሐይ፣ መብራትና ሞቃት አየር በቀጥታ የሚያገኘው ቴርሞስታትም ማሞቂያውን ያለጊዜው ሊያስቆመው ይችላል።

ከፍተኛ ብቃት ያላቸው አዳዲስ ማሞቂያዎች የተቃጠለውን ጋዝ የሚያስወጡት በጎን ግድግዳ በሚወጣ የፕላስቲክ ቱቦ ነው። ከከባድ በረዶ በኋላ የቱቦው አፍ ተደፍኖ ከሆነ በረዶውን በጥንቃቄ መጥረግ ያስፈልጋል። ከእነዚሁ መሣሪያዎች የሚወጣው ውኃ መውረጃው ሲዘጋም ማሞቂያው ሊቆም ይችላል።

እሳቱ ተያይዞ ትልቁ ማራገቢያ ገና ሳይነሣ በጥቂት ሰከንዶች የሚጠፋ ከሆነ የነበልባል ሴንሰሩ ቆሽሾ ሊሆን ይችላል። ሴንሰሩን ማጽዳት ለባለሙያ ቀላል ሥራ ነው። ከተገጠመበት ቀን ጀምሮ ቶሎ ቶሎ የሚቆም ማሞቂያ ደግሞ ለቤቱ ስፋት ከሚገባው በላይ ትልቅ ሆኖ ሊሆን ስለሚችል በጽዳት አይስተካከልም።

ለባለሙያ መተው ያለበት

የጋዝ ቧንቧና ማንደጃ መፍታት፣ የሙቀት ገደብ ወይም የግፊት መቆጣጠሪያን በሽቦ ማለፍ፣ የመሣሪያውን በር ማብሪያ በማጣበቂያ ፕላስተር ማሰር ፈጽሞ የተከለከለ ነው። በርካታ ማሞቂያዎች ከተደጋጋሚ ውድቀት በኋላ ራሳቸውን ለ1 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይቆልፋሉ። ማጣሪያውና የአየር መውጫዎቹ ከተስተካከሉ በኋላ መሣሪያውን አንድ ጊዜ አጥፍቶ ማብራት ይቻላል። ከዚያ በኋላም ከቆመ አጥፍቶ ፈቃድ ያለው ባለሙያ መጥራት ይገባል። ብዙዎቹ መሣሪያዎች ብልሽታቸውን በትንሽ መብራት ብልጭታ ይናገራሉ፤ የብልጭታውን ቁጥርና እሳቱ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ ለባለሙያው መንገር ጊዜና ገንዘብ ይቆጥባል።

ባለሙያው እስኪመጣ ድረስ ቤቱን በከሰል ምድጃ፣ በጋዝ ኦቨን ወይም በውጭ ማብሰያ ማሞቅ ለሞት ሊዳርግ ይችላል። መስኮት መክፈት ለዚህ መፍትሔ አይሆንም።

ተከራዮችና የገንዘብ ድጋፍ

በኪራይ ቤት ማሞቂያውን የመጠገን ኃላፊነት በአብዛኛው የአከራዩ ነው። ለምሳሌ በዋሽንግተን ዲሲ አከራዩ ሙቀቱን በሚቆጣጠርበት ቤት ቀን 68፣ ሌሊት 65 ዲግሪ ፋራናይት ሙቀት እንዲኖር ይጠበቃል። ተከራዩ ብልሽቱን በጽሑፍ ማሳወቅ፣ ቀኑን መመዝገብና የክፍሉን ሙቀት በፎቶግራፍ መያዝ ይጠቅመዋል። አከራዩ ምላሽ ካልሰጠ አቤቱታው ለከተማው የቤቶች ቁጥጥር ክፍል ይቀርባል።

ገቢያቸው አነስተኛ የሆነ ነዋሪዎች ከ1981 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው «ላይሂፕ» በተሰኘው የፌዴራል መንግሥት ፕሮግራም የማሞቂያ ወጪ ድጋፍ ሊጠይቁ ይችላሉ። በበርካታ ክፍላተ ሀገር ድጋፉ የተበላሸ ማሞቂያ ማስጠገንን ይጨምራል። በአካባቢው ማመልከቻ የሚቀበለውን ጽሕፈት ቤት ለማወቅ ወደ 211 ደውሎ መጠየቅ ይቻላል። የገቢ ማስረጃ፣ መታወቂያና የቅርብ ጊዜ የጋዝ ክፍያ ሰነድ አስቀድሞ ማዘጋጀት ጉዳዩን ያፋጥናል፤ ቤቱ ያለ ሙቀት መሆኑም በመጀመሪያው ጥሪ ላይ በግልጽ ሊነገር ይገባል፣ አስቸኳይ ጥያቄዎች ከመደበኛው ወረፋ ተለይተው ይታያሉና።