እንጨት ከእንጨት ጋራ ስለሚጋጠምበት ጥበብ
(በሬዲዮ የተነገረ)



ሐዋሳ በሐይቁ ዳር በ1952 ዓ.ም ከተቈረቈረች ወዲህ ሕንፃዋ እየበዛ ሲሄድ የአናጢው ሥራም አብሮ በዝቷል። በሩን፣ አልጋውንና ወንበሩን የሚያበጅልን እርሱ ነው። ዛሬ እንጨት ከእንጨት ጋራ ስለሚጋጠምበት ጥበብ ጥቂት ለመናገር አስቤአለሁ። ነገሩ ትንሽ ይምሰል እንጂ የዕቃው ዕድሜ የሚለካው በመጋጠሚያው ነው።

ሚስማር እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን አባቶቻችን እንጨትን የሚያጋጥሙት በራሱ በእንጨቱ፣ በጠፍርና በገመድ ነበር። በሐዋሳ ዙሪያ የታወቀው የሲዳማ ቤት ቀርክሃው እንደ ቅርጫት ተጠልፎ የሚቆም ነው። ገበሬውም ሞፈሩን ከቀንበሩ ጋራ በምራን ያስራል፤ ማነቆውን በቀንበሩ ቀዳዳ ያገባል፤ ድግሩን በወገል ያጠብቃል። ስለዚህ አንዱ ክፍል ቢሰበር ያው ብቻ ይለወጣል እንጂ ሌላው አይጣልም።

የጥንት ሕንፃዎቻችን ጥንካሬም ከዚሁ ጥበብ የተገኘ ነው። በትግራይ በደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ውስጥ ረዣዥም እንጨቶች ከድንጋዩ ጋራ ተጋድመዋል፤ በላያቸውም አጫጭር እንጨቶች ይሻገራሉ። አጭሩ እንጨት በሚሻገርበት በኩል ጎድጎድ ተደርጎ ስለ ተጠረበ ረዥሙን ነክሶ ይይዘዋል። ከግድግዳው ወጣ ብሎ የሚታየው ጫፉ «የዝንጀሮ ራስ» ይባላል። አክሱማውያን ይህንኑ አሠራር በሐውልቶቻቸው ድንጋይ ላይ ቀረጹት። በ1929 ዓ.ም ወደ ሮም ተወስዶ፣ በ1997 ተመልሶ፣ በ2000 ዓ.ም እንደገና በቆመው 24 ሜትር ያህል ሐውልት ላይ በረድፍ የሚታዩት ክብ ክብ ቅርጾች የእነዚያ እንጨቶች ምስል ናቸው። የአናጢው ጥበብ ለነገሥታት መታሰቢያ ጌጥ እስከ መሆን ደርሶ ነበር ማለት ነው።

ዛሬም የታወቁት መጋጠሚያዎች ከዚህ የራቁ አይደሉም። አንደኛው፥ የሁለቱን እንጨቶች ውፍረት በእኩሌታ አንሥቶ አንዱን በሌላው ላይ ማስተኛት ነው። ሁለተኛው፥ አንዱን በመሮ በስቶ የሌላውን ምላስ ማግባት ነው፤ የወንበር እግር የሚጸናው በዚህ ነው። ሦስተኛው፥ ለመሳቢያ ማዕዘን የሚሆነው፣ ጥርሱ ከሥሩ ጠበብ ከጫፉ ሰፋ ብሎ የሚቈረጠው ነው፤ ቢስቡት አይለቅም።

እንጨት በርጥበት ያብጣል፤ በድርቀት ይኰማተራል። ሚስማር ግን ከእንጨቱ ጋራ አይሰፋም፣ አይጠብም፤ ውሎ አድሮ ቀዳዳው ይላላል፣ ወንበሩም ይንገዳገዳል።

ይሁን እንጂ ገዢው መጋጠሚያውን ሳያይ ዋጋውን ብቻ ጠይቆ የሚሄድ ከሆነ፣ አናጢው መሮውን ትቶ መዶሻውን ቢያነሣ ጥፋቱ የእርሱ ብቻ አይደለም። እንግዲህ ወንበር ስትገዙ ገልብጣችሁ እግሩን እዩ፤ ለጥበቡም ዋጋውን ክፈሉ።